የወረቀት ዝቃጭና የእናቴ እንሰት

እናቴ ዛሬ ቆጮ ከገበያ ትገዛለች። ይህን ለሌላ አገር ሰው ብነግረው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ይለኛል። የሀዲያ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። ጓሮዋ ሙሉ እንሰት የነበራት፣ ለሠርግም ለለቅሶም ቆጮ ከሚቦካበት ከራሷ ጉድጓድ እያወጣች ስትሰጥ የኖረች ሴት፣ አሁን ሆሳዕና ገበያ ላይ ቁጢጥ ብላ የሰው ቆጮ በጣቷ እየቆነጠረች «ይሄ ገና አልቦካም፣ ያኛው ቃጫ በዝቶበታል» ስትል ማየት ለእኔ ሞት ነው። እዚህ ያደረስኳት ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እኔ ነኝ።

ነገሩ የመጣው በሥራዬ በኩል ነው። ኬሚስትሪ ተምሬ ተመረቅሁ፣ ሥራ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ በመጨረሻ ከተማው ዳር ባለች የማኅበር ወርክሾፕ ተቀጠርኩ። ያገለገለ ወረቀትና የቃጫ ትራፊ አሟሙተን የእንቁላል ትሪና ወፍራም ካርቶን እንሠራለን። ወረቀቱ ከትምህርት ቤትና ከቢሮ ይመጣል፤ የተማሪ ፈተና፣ የሰው ማመልከቻ፣ ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ። ቃጫው ደግሞ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚተርፈው፣ ለገመድ የማይሆነው አጫጭሩ ነው። «ተማሪ ዜሮ ያገኘበት ወረቀት እዚህ መጥቶ ሠላሳ እንቁላል ይሸከማል» እያልን እንስቅ ነበር።

ወረቀት በውሃ ብቻ ይሟሟል። ቃጫ ግን እልኸኛ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮበት በበርሜል ካልተቀቀለ አይላላም። ከቅቅሉ የሚወጣው ውሃ ጥላሸት የመሰለ ነው፤ ይሸታል፣ ጣት ላይ ያሟልጫል፣ ከቆየ ቆዳ ይበላል። እሱን በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ለብቻው እናጠራቅመዋለን። የወረቀቱ ማጠቢያ ውሃ ሌላ ገንዳ አለው፤ ከላይ የጠራው ተመልሶ ለሥራ ይገባል፣ ከታች ግራጫ ዝቃጭ ይቀራል። ሁለቱ እንዳይገናኙ መጠበቅ የእኔ ኃላፊነት ነበር። የተቀጠርኩትም ለዚሁ ነው ማለት ይቻላል።

የዝቃጩ ነገር መላ አጣ። ግቢው ሞላ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ መንገዱ መፍሰስ ጀመረ፣ ጎረቤት አጉረመረመ። መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። ከሞርሲቶ አጠገብ ካለው ሰፈራችን ልትጠይቀኝ መጥታ፣ የደረቀውን ዝቃጭ በእጇ ዘግና አሸተተችና በሀዲይኛ «ይሄ እኮ አመድ ነው፣ ለምን ትጥሉታላችሁ?» አለችኝ። በእኛ ዘንድ አመድ የትም አይደፋም። ሴቶች በየማለዳው የምድጃውን አመድና የበረቱን እበት ተሸክመው እንሰቱ ሥር ያደርጋሉ፤ ከቤት የወጣ ሁሉ ወደ እንሰቱ ነው የሚሄደው። እኔ የተማርኩት ሳቅሁባት። «እማ፣ ይሄ ፋብሪካ ነው፣ ምድጃ መሰለሽ?» አልኳት። እሷም «ምድጃ ካልሆነ ለምን ይጨሳል?» አለችኝ።

ቆይቼ ሳስበው እውነቷን ነበር። የወረቀቱን ዝቃጭ በንጹህ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ሶዳ ሲነካው ሰማያዊ በሚሆነው የሊትመስ ወረቀት ለካሁት፣ ከእበትና ከቅጠል ጋር ከምሬ ለወራት አስቀመጥኩት። ክምሩ ውስጥ የምድር ትል ሳይ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ከዚያ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ላኩላት።

ጓሮዋ ተዳፋት ነው። ታችኛው በኩል አፈሩ የደከመ ስለነበር እዚያ አደረገችው፤ ላይኛው ረድፍ ቤቱ ጥግ ስለሆነ አመዱም እበቱም አይጎድልበትም ነበር። በዚያ ክረምት ታችኞቹ እንዴት ተመነደጉ! እናቴ ጎረቤት እየጠራች ታሳይ ጀመር። አንድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ላይ ተነሥታ «ጌታ ይመስገን፣ ልጄ ከቆሻሻ እንሰት አበቀለችልኝ» አለች። ጉባኤው «ሃሌሉያ» አለ። ኋላ ወንበር ተቀምጬ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ፤ ግን ውስጤ እንዴት ደስ እንዳለው! ሥራዬን ሰው ፊት ቆሞ ያመሰገነልኝ ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም የለም።

በተከታዩ ዓመት በጋው ጠና። የሆሳዕና ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ያን ጊዜ ግን ፈረቃውም ጠፋ። ሮቷችን ባዶ ሆነ። የተቀቀለው ቃጫ ሳይታጠብ ሲከማች ሠራተኞቹ ጨነቃቸውና የወረቀቱ ገንዳ ውስጥ አጠቡት። ጥቁሩ ውሃ ከግራጫው ጋር ተቀላቀለ። ቆሜ አየሁ። «ለዛሬ ብቻ» አልኩ። ዛሬ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንት ወር ሆነ።

በዚያው ሰሞን ተቆጣጣሪዎች ግቢያችንን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረን። ኃላፊያችን «ይሄ ክምር ከዓይኔ ይጥፋ» አለ። እናቴ ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች፤ «አንቺ ልጅ፣ ያንን አመድሽን መቼ ነው የምትልኪልኝ? ዝናቡ ሳይመጣ!» ወደ ሞርሲቶ የሚሄድ አይሱዙ ተገኘ። ጫንኩላት። አላጠብኩትም፣ አልለካሁትም፣ ከእበት ጋርም አላቆየሁትም። ሊትመሱ የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር እኮ! አንዲት ቁራጭ የዝቃጩ ውሃ ውስጥ መንከር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ግን ምን ቆርጦኝ እንዳለፍኩት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቸኩዬ ነበር፣ ያለፈው ጥሩ ስለነበር ይሄም ጥሩ ነው ብዬ ነው መሰለኝ።

ዝናቡ ሁለት ሳምንት እንደጣለ ስልክ ተደወለ። እናቴ ናት። «ልጄ፣ አጠውልግ ገባብን» አለችኝ።

አጠውልግ የእንሰት በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። በቢላ ይተላለፋል፣ በፍየል አፍ ይተላለፋል፣ የአንዱ ጓሮ የሰፈሩን ይጨርሳል። ስለዚህ ደንብ አለው። ጓሮው ውስጥ ያየ ሰው ራሱ ወጥቶ ለጎረቤት ይናገራል፣ ቢላውን ለማንም አያውስም፣ የታመመውን ነቅሎ ይቀብራል። የደበቀ ሰው ከሌባ እኩል ነው። እናቴ ለእኔ ከመደወሏ በፊት ለሰፈሩ ተናግራ ጨርሳ ነበር። ስደርስ መግቢያው ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ጋርዳለች፤ ጎረቤቶቿ ከአጥሩ ማዶ ቆመው አንገታቸውን ደፍተዋል። እንኳን ሊያግዙ፣ እጇንም አልጨበጡም። አልፈርድባቸውም፣ ደንቡ ነው።

ወደ ታችኛው ረድፍ ወረድኩ። ገና ሳየው ገባኝ። አጠውልግ የሚጀምረው ከመሀል፣ ከልቡ ቅጠል ነው። የእናቴ እንሰቶች ልብ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የተቃጠለው የውጭው ቅጠል ነው፣ ያውም ጠርዝ ጠርዙ። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። እናቴ ዞር ስትል አንዱን ግንድ ቆረጥኩ። አጠውልግ ቢሆን ቢጫ ዝልግልግ ይወጣ ነበር፤ የወጣው ጥርት ያለ ውሃ ነው። ሊትመሱን አውጥቼ እርጥቡ አፈር ላይ ጣል አደረግሁት። ሰማያዊ ሆነ። ሶዳ ነው። የእኔ ሶዳ!

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለ። ምስክርነቷ ትዝ አለኝ፣ ያ ሁሉ ሃሌሉያ ትዝ አለኝ። «ከቆሻሻ እንሰት ያበቀለች ልጅ» እናቷን ገደለች ሊባል ነው። ወርክሾፑ ቢዘጋስ ብዬ ደግሞ ፈራሁ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ በሆዴ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! እናቴን እያየሁ «ክፉ በሽታ ነው እማ» አልኳት። እነዚህን ቃላት በዚህ አፌ ተናግሬያለሁ።

ታችኛውን ነቅለን ስንጨርስ ነገሩ እዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። እናቴ ግን መቆፈሪያዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ላይኛው ረድፍ ወጣች። ላይኛው ረድፍ ዝቃጭ አልነካውም። አረንጓዴ ነው፣ ጤነኛ ነው፤ አባቴ ከመሞቱ በፊት በእጁ የተከላቸውም እዚያው ናቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት ለመፋቅ የደረሱ።

«እማ፣ ይሄ እንኳ ይቆይ። ደህና ነው» አልኳት።

«ዛሬ ደህና ይመስላል» አለችኝ። «በእኔ ጓሮ ብተወው፣ በሽታው ነገ የጎረቤቶቼን ልጆች እንጀራ ይዞ ይሄዳል። የእኔን ላድን ብዬ በሰው ጓሮ ልፍረድ?»

«ቢያንስ የደረሱትን እንፋቃቸውና...»

«በየትኛው ቢላ? ማን ነው መጥቶ የሚፍቅልኝ? አየሻቸው፣ እዚያ ማዶ ቆመዋል።»

አንዲት ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «እማ፣ በሽታ አይደለም፣ ከእኔ ነው» ማለት ብቻ። ምላሴ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ዶማ አነሣሁ። እሷ ከአንዱ በኩል፣ እኔ ከሌላው በኩል፣ አፈሩን እየፈነቀልን አንድ በአንድ ጣልናቸው። አባቴ የተከላቸው ጋ ስትደርስ ግንዱን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ፣ ምንም ሳትል ጀመረች። ከሥር ያለው አሚቾ ሲፈለጥ ነጭ ነው፣ ንጹህ ነው። አይታው ይሆን እያልኩ ፊቷን ሰርቄ አይ ነበር፤ እንባዋ ጋርዷት ይሁን ሌላ፣ ቀና አላለችም። ሁለት ቀን ፈጀብን። ሁሉንም ቀበርነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፣ ዝምታም ይነቅዛል። ወርክሾፑ አልተዘጋም። ተመልሼ ጥቁሩን ጉድጓድ ከወረቀቱ ገንዳ አርቄ አስቆፈርኩ፣ ውሃ በሌለ ቀን ቃጫ እንዳይቀቀል ከለከልኩ፣ ሳይለካ አንድ ከረጢት ከግቢ እንዳይወጣ አደረግሁ። ሠራተኞቹ «ምን ነካት ይቺ ሴትዮ?» ይሉኛል። ስጮህ ስሳደብ እውላለሁ፤ ለአንድ የሊትመስ ቁራጭ የሰው ነፍስ አወጣለሁ።

እንሰት እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈልጋል። እናቴ «አሁን ብተክል ማን ሊበላው?» ብላ ቤቱን ዘግታ ሆሳዕና እኔ ጋ መጣች። ጓሮውን የሚንከባከብላት ዘመድ ችግኝ ላምጣ ቢላት ከለከለችው፤ መሬቱ በሽታ አለበት ብላ። ይህንንም ሰምቼ ዝም አልኩ። ያልቻልኩት ጸሎቷን ነው። በየማለዳው ከመጋረጃው ወዲያ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ በምን በደልኩህ? አሳየኝና ንስሐ ልግባ» ትላለች። የወጣትነት ኃጢአቷን ሳይቀር እየፈለገች ትናዘዛለች። ከጎረቤት ጋር በድንበር የተጣላችውን፣ ለአማቷ የመለሰችውን ክፉ ቃል። እኔ ብርድ ልብሴን ጭንቅላቴ ላይ ስቤ እሰማለሁ።

አንድ እሁድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስትዘጋጅ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና ነገርኳት። ከገንዳው ጀምሬ፣ ከውሃው ፈረቃ ጀምሬ፣ አንድም ሳላስቀር። ጫማዋን እያጠለቀች ነበር፤ አንዱን እግር ሳታጠልቅ ሰማችኝ።

«በሽታ አልነበረም?» አለች።

«አልነበረም።»

«እኔ አልበደልኩም?»

«ምንም አልበደልሽም እማ።»

ለአፍታ ፊቷ ላይ የእፎይታ ነገር አየሁ፤ ይቅር ልትለኝ ነው ብዬ ጉልበቷን ያዝኩ። ይቅርም ብላኛለች። «ዝቃጩን እኔው ነኝ የለመንኩሽ» አለች፣ «ስህተት በሰው ያለ ነው፣ በዚያ አልቀየምሽም።» ሌላውን ጫማዋን አጠለቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ዞር ሳትል፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ እንዲህ አለችኝ፤

«ላይኛውን ግን እያወቅሽ አብረሽኝ ነቀልሽ።»