ዝም ያለው ክዳን

የመንገድ ሠራተኞቹ «ቀለበት» ይሏታል። አስፋልት ሊታደስ ሲል ከሁሉም ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት። የማንሆሉን፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን፣ ክዳን ታነሳለች፤ ክዳኑ የሚቀመጥበትን የብረት ቀለበት ዙሪያውን ሰብራ ታወጣለች፤ ከዚያ አዲሱ አስፋልት እስከሚደርስበት ከፍታ ጡብና ሲሚንቶ ደርድራ ትመልሰዋለች። ይህን ካላደረገች መንገዱ ከፍ ብሎ ክዳኑ ከታች ይቀራል፣ የመኪና ጎማ ይገባበታል፣ ሹፌሩም የሠራውን ሰው እናት ይሰድባል።

«ይሄ ሁሉ ቀለበት በእጅሽ አልፎ አንዱ እንኳን ጣትሽ ላይ አልቀረም» ይላታል የአስፋልት መዳመጫው፣ የሮለሩ ሹፌር፣ ጠዋት ጠዋት፣ በሰላምታ ፈንታ።

«ይሄን የሚሸከም ጣት አምጣልኝና አስረዋለሁ» ትለዋለች። ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው። በጉልበቱ ዘመን የዚህን ሰፈር ጉድጓዶች አፍ የገነባው እሱ ነበር። አሁን ዓይኑ ሄዷል። መንገድ ዳር ባለችው ክፍላቸው፣ መስኮቱ ሥር፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ቀኑን የሚነግረው ደጃፋቸው ላይ ያለው ክዳን ነበር፤ ያ ክዳን ይንኳኳል። አውቶቡስ ሲያልፍ አንዴ በፊት ጎማ፣ አንዴ በኋላ ጎማ ይጮሃል። የዳቦ መኪናው ነካ ብቻ አድርጎት ያልፋል። ማታ እሷ ስትመጣ ጠርዙን ትረግጠዋለች፤ «ቋ» ይላል። በሩን ሳትከፍት አባቷ ከውስጥ «መጣሽ?» ይላታል።

ከላይ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ግን ክዳኑን እንደ ደመኛዋ ነበር የምታየው። «ክር በመርፌ ላስገባ ስል ጠብቆ ነው የሚጮኸው» ትላለች።

ሥራው እየገፋ እየገፋ እነሱ ደጃፍ ደረሰ። የዚያን ጠዋት ጭጋግ ነበር። አሮጌው አስፋልት ተፍቆ መንገዱ ግራጫ ሆኖ፣ የተኛ ወንዝ መስሎ ተዘርግቷል። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠረች። ሲባጎው የነገው መንገድ ነው፤ መንገዱ ገና የለም፣ ከፍታው ግን ታውቋል። ሁልጊዜ ይህን ሰዓት ትወደዋለች። ገና ያልመጣ መንገድ ሥር ተንበርክካ ስትሠራ ሰው ሁሉ የራቃት፣ ድካሙም የሌላ ሰው የሆነ ይመስላታል።

ክዳኑን በመንጠቆ ስባ ወደ ዳር አደረገችና ወደ ውስጥ አየች። ከታች ውሃው ሳይታይ ለራሱ ያወራል። የጉድጓዱ አንገት ተደራርቦ እንደተለበሰ ልብስ ነው፤ ከላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሲሚንቶ፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከሁሉም በታች የአባቷ ጡቦች፣ መጋጠሚያቸው በጣት የተለሰነ። መንገዱ በታደሰ ቁጥር ከፍ ይላል፤ የቤታቸው ደፍ ግን እዚያው ነው። አንድ ቀን እንደ ዓሣ ከመንገዱ በታች እንኖራለን ብላ አሰበችና ፈገግ አለች።

ክዳንና ቀለበት ዕድሜ ልካቸውን ሲፋጩ ነው የሚኖሩት፤ አንዱ የሌላውን ጉብታ ይለምዳል። ስለዚህ ክዳን ከመነሳቱ በፊት ከክዳኑ ወደ ቀለበቱ የሚሻገር መስመር በጠመኔ ይሰመራል፤ ሲመለስ መስመሩ መግጠም አለበት። ይህን የደጃፋቸውን ክዳን ድሮ አንዱ ሠራተኛ ሳያሰምር አንስቶት፣ እንደመጣለት ከድኖት ሄዷል። የሚንኳኳውም በዚህ ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ስትፈቀፍቀው ከክዳኑም ከቀለበቱም ላይ ፍጭት ያለሰለሳቸው ቦታዎች ብቅ አሉ። ቀለበቱን እስከ ሲባጎው አንስታ በሲሚንቶ አጠበቀችው። ሲሚንቶው ሲደርቅ ክዳኑን ልስልሱን ከልስልሱ አዛምዳ ከደነችና በአንድ እግሯ ቆማ ተወዛወዘችበት። ድምፅ የለም። አባባ ዛሬ እንቅልፍ ያገኛል፣ አለች በልቧ።

አስፋልቱ ተነጥፎ መንገዱ የተከፈተ ዕለት፣ ማታ፣ እንደ ልማዷ ክዳኑን ረግጣ ወደ ቤት ሄደች። «መጣሽ?» የሚላት የለም። በሩን ስትከፍት አባቷ ደነገጠ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«መንገዱ ገና አልተከፈተም እንዴ?»

«ተከፍቷል። ከጠዋት ጀምሮ መኪና ሲሄድ ነው የዋለው።»

እሱ ጣቶቹን ጆሮው አጠገብ አፋተገ፤ በአንዱ ጆሮ፣ ቀጥሎ በሌላው።

«ያንቺን ድምፅ እሰማለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የውጭው ነው የጠፋኝ። ዓይኔም እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ የሩቁ፣ ከዚያ የቅርቡ።»

«ክዳኑን እኮ እኔ አስተካክዬው ነው። አስፋልቱም አዲስ ስለሆነ መኪናው አይሰማም።»

«ያኔም አምፖሉ ደክሞ ነው ብለሽኝ ነበር።»

ብላዋለች። እንዳይከፋው ብላ አምፖሎቹን ሁሉ ቀይራለታለች። አሁን እውነቱን ብትነግረውም የማጽናኛ ቃል ሆነበት። እራቱን ሳይነካ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በነጋታው መስኮቱ ሥር አልተቀመጠም። አልጋው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ የቀረው የመስማት አቅሙም እንዳያመልጠው የሚጠብቅ ይመስል፣ ጣቶቹን ያፋትጋል። ዓይኑ ሲሄድ ጆሮው ነበረለት። ጆሮው ከሄደስ? ይህን ከአፏ ማውጣት ፈራች።

በዕረፍት ቀኗ፣ ጠዋት፣ መንጠቆዋን አነሳች። «ተነስ አባባ፣ ኮትህን ልበስ።»

«ወዴት?»

«ሥራ።»

መንገዱ ጭር ብሏል፤ ጥቁር ነው፣ እንደ አዲስ ጨርቅ። ክዳኑን ነቅላ፣ አዙራ፣ እንደ ድሮው ጠማማውን ከደነችው። ከዚያ አባቷን በክንዱ ይዛ ጠርዙ ላይ አቆመችው።

«ርገጠው።»

ረገጠው። «ቋ» አለ።

አባቷ ትንፋሹን ያዘ። ደገመው። ሠለሰው። ያ የተጨማደደ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲፈታ አየችው። ከላይ መስኮት ተከፈተ።

«እኔ ደግሞ ተገላገልኩ ብዬ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አባባ፣ ምን አስቀየምኩዎት?»

«ሰማሁሽ» አላት ወደ ላይ ቀና ብሎ። «ከፎቅ ሰማሁሽ፣ ልጄ።»

«መንደሩ በሙሉ ሰምቶኛል» አለችና መስኮቱን ሳትዘጋ ቆመች።

ልጁ በመንጠቆዋ ክዳኑን ወደ ትክክለኛ ቦታው መለሰችው። አባቷ ተንበርክኮ በጣቱ ጠርዙን ዞረ። ጥፍሩ የሚገባበት ቀዳዳ አጣ።

«ጥሩ አድርገሽ ገጥመሽዋል።»

«እንዲንኳኳ ከፈለግህ አዞርልሃለሁ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ክዳን ዝም ሳሰኝ ኖሬ በራሴ ደጃፍ ላስጮህ? ተይው።»

«ታዲያ ማታ ስመጣ በምን ታውቀኛለህ?»

መዳፉን ብረቱ ላይ እንዳደረገ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «መንጠቆው ካንቺ ጋር አይደል?»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ትቆምና ክዳኑን በመንጠቆዋ አንዴ ነካ ታደርገዋለች። ድምፁ ወደ ታች፣ ወደ ውሃው ይወርድና ዞሮ ይመጣል። ከውስጥ «መጣሽ?» ይላታል። አንዳንዴ እሱ ሳይቀድም ልብስ ሰፊዋ ከፎቁ «መጣች» ስትል ይሰማል።