ጫማዬ ሥር የቀረው ምልክት

ዛሬ ጠዋት በቴኒስ ልምምድ ላይ የተጋጣሚዬ ኳስ መስመሩ ጫፍ ላይ አረፈች። በቀይ አፈር ሜዳ ላይ ኳስ ያረፈችበትን ቦታ አትደብቅም፤ አውራ ጣት የሚያህል ጭረት ትታ ትሄዳለች። ከመረቡ ወዲያ ያለችው ልጅ፣ "ወጣች አይደል?" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ምልክቱን በራኬቴ ጫፍ ከበብኩት።

"ገብታለች። ነጥቡ ያንቺ ነው።"

"ኧረ ዝም ብትይ ማን ያይሽ ነበር!" ብላ ሳቀች።

የአፈር ሜዳው ውድድር ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ደመወዝ የሚከፍለኝ ክለብም ከእኔ ድል ይጠብቃል። እኔ ግን ውሃ የነካው ቀይ አፈር በሸተተኝ ቁጥር ሐሳቤ ወዳደግኩባት ከተማ ወደ ሐይቅ ይሄዳል።

እዚያ፣ ከውሃው ብዙም ሳይርቅ፣ የመንገድ መሐንዲሶች ሠርተው ትተውት የሄዱት አንድ ያረጀ የቴኒስ ሜዳ ነበረን። ክረምት በመጣ ቁጥር ይበላሻል። መስከረም ሲጠባ ከጓደኛዬ ከዘሀራ ጋር አፈሩን በወንፊት እንነፋለን፣ ከሐይቁ በጀሪካን ውሃ ቀድተን እናርከፈክፋለን፣ ከዚያ ድንጋይ የሞላነውን በርሜል እያንከባለልን እንደለድለዋለን። መስመሩን የምናሰምረው በኖራ ነበር። ሲደክመን የበቆሎ እሸት ጠብሰን፣ ጥርሳችን እስኪጠቁር እንበላለን። አባቴ መሪጌታ ስለሆነ ዘሀራ "መሪጌታዋ" ትለኝ ነበር።

"መሪጌታዋ፣ ወላሂ በርሜሉ እንኳ ካንቺ የበለጠ ያወራል!"

ጦርነቱ ወደ እኛ በመጣበት ዓመት ሜዳውን ስናዘጋጅ፣ ፍራሽና ሰው የጫኑ መኪኖች ከውጫሌ በኩል እየመጡ ወደ ደሴ ያልፉ ነበር። ከአምባሰል ተራሮች ወዲያ የሚሰማው ድምፅ መጀመሪያ ነጎድጓድ መስሎን ነበር። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

አሠልጣኛችን ጋሽ አራጋው ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። አንድ ቀን ሁለታችንንም ጠርተው፣ "አዲስ አበባ ያለ ክለብ አንዲት ልጅ ሊሞክር ይፈልጋል። አንዲት ብቻ። ዛሬ ያሸነፈች ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትሳፈራለች" አሉን። የምትሄደዋ ከጦርነቱም እንደምታመልጥ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። የዘሀራ እናት እትዬ ከድጃ ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ዱዓው ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ወደ መጨረሻው ላይ ዘሀራ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። የመታቻት ኳስ እኔን አልፋ መስመሩ ላይ አረፈች፤ ኖራው ብን ሲል አየሁት። እግሬ ቀድሞኝ ሄዶ ምልክቱ ላይ ቆመ።

"ወጥታለች" አልኩ።

ጋሽ አራጋው ሊያዩ ወደ እኔ መራመድ ጀመሩ። ዘሀራ ከመረቡ ወዲያ ጮኸች።

"ይተዉ ጋሼ፣ አይልፉ! መሪጌታዋ ትዋሻለች እንዴ?"

ጋሽ አራጋው ተመለሱ። ተረከዜን አዙሬ ምልክቱን አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ነጥቦች ሁሉ እኔ አገኘሁ። ዘሀራ እያለከለከች መጥታ አቀፈችኝ።

"ሂጂ አቦ፣ አሸንፊልን! ለከርሞ እደርስብሻለሁ።"

ሄድኩ። በሁለተኛው ሳምንት መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ተከፍቶ ስመለስ እትዬ ከድጃን በራፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ከባድ መሣሪያ ግቢያቸው ውስጥ ወድቆ ዘሀራን እንደገደለባቸው ነገሩኝ። ከዚያ ገብተው ራኬቷን አመጡልኝ።

"'እማ፣ በደንብ ነው ያሸነፈችኝ' እያለች ለመንደሩ ሁሉ ስታወራልሽ ነበር። አንቺ በመትረፍሽ ደስ ብሏት ነው የሄደችው፣ ልጄ።"

ልነግራቸው ነበር። አፌ አልከፈት አለኝ። እሳቸውም ዝምታዬን ያውቁታልና ራሴን ዳበስ አድርገው ተዉኝ።

ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጨረስኩ፣ ክለብም ገባሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ እያንዳንዱን ምልክት እከባለሁ፤ ጓደኞቼ ጨዋነት ይሉታል። የገደላት የተኮሰው ሰው ነው እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ፤ እውነትም ነው። ያን ቀን የተሳፈርኩበት ወንበር ግን የእሷ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ሐይቅ እሳፈራለሁ። እትዬ ከድጃ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ይህን የጻፍኩት እስከዚያ አፌን ለማለማመድ ነው፦ ኳሷ ገብታ ነበር፣ እትዬ። ገብታ ነበር።