ጉማሬው ያልመለሰው ገመድ

ባለፈው ጥቅምት አሰላ ገበያ ውስጥ ገመድ ስመርጥ ሻጩ፣ «ለበሬ ነው ለፈረስ?» ሲል ጠየቀኝ። ለተጠየቅኩት ሁሉ ትክክለኛውን መመለስ የጋዜጠኝነት ልማድ ሆኖብኝ፣ «ለጉማሬ ነው» አልኩት። ጥቂት አየኝና፣ «እንግዲያው ወፈር ያለውን ውሰድ» ብሎ ከኋላው ሌላ አወጣ። የቃጫ ገመድ ነበር። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የበሬ ላብ ሸተተኝ። አዲስ ገመድ የበሬ ላብ ሊሸት እንደማይችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሸተተኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአሰላ በታች ቆላ ወደሚኖሩት አጎቴ ተላክሁ። የጋሼ ወልዴ እርሻ ቀታር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሊገባ ሲቃረብ ዳርቻው ላይ ነበር። ንብረታቸው አንድ በሬ ነው፤ ስሙ ቡሬ። ጎረቤታቸው ኦቦ ገመዳም አንድ በሬ ነበራቸው፤ ጉራቻ የሚባል ጥቁር። በአንድ በሬ አይታረስምና ሁለቱ ሰዎች መቀናጆ ገብተው፣ በሬዎቻቸውን አብረው እየጠመዱ አንድ ቀን የአጎቴን ማሳ፣ አንድ ቀን የኦቦ ገመዳን ያርሱ ነበር። ጤፍ የሚዘራበት ሰሞን ስለነበረ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ቢጠፋ ሁለት ቤት ጦሙን ያድራል። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር። ያጠፋሁት ሳላውቅ ነው ለማለት አልችልም።

እኔ ደግሞ የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። አሰላ ውስጥ ተሾመ የሚባል የክፍል ጓደኛዬ፣ ዓሣ ጢም የለውም ብሎ ተከራክሮኝ ተወራርደን ነበር። የተሸነፈ የአሸናፊውን ደብተር ለአንድ ሴሚስተር ይሸከማል። አምባዛ የሚባለው ዓሣ እንደ ድመት ጢም እንዳለው ስለሰማሁ ጭንቅላቱን ይዤ ለመመለስ ቆረጥኩ። አምባዛ በክረምት ውሃው ሲደፈርስ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚያዘውም ማታ ነው። ጋሼ ወልዴ ግን ዓሣ ማጥመድን ከሥራ አይቆጥሩትም። «ዓሣ የሰነፍ እርሻ ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ማስፈቀዱን ተውኩት።

መንጠቆና ሽቦ ከአሰላ ይዤ መጥቻለሁ። የጎደለኝ ጠንካራ ገመድ ነበር። በግቢው ውስጥ የነበረው ጠንካራ ገመድ ደግሞ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቡሬ ከጋጣው ግንድ ጋር የታሰረበት ነው። ሁሉም ሲተኛ ሄጄ አየሁት፤ ተጋድሞ ያመሰኳል። የተጋደመ በሬ አይሄድም ብዬ ፈታሁት። እስከ ዛሬ የተጋደመ ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል ብዬ አላምንም።

ጨረቃ የለም፣ ሰማዩ ደመና ነው። የእጅ ባትሪ ነበረኝ፤ ድንጋዩ ግን ካለቀ ሰንብቷል፣ በማኅበር ሱቅም አልተገኘም። በዚያ ዘመን ማታ የሚንቀሳቀስ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው የገበሬ ማኅበሩን ታጣቂ ነበር፤ ጅብ የሚመጣው ከእሱ ቀጥሎ ነው። ወንዙ ዳር ስደርስ ግን ከእኔና ከእንቁራሪቶቹ በቀር ማንም አልነበረም። የገመዱን አንድ ጫፍ ከሾላ ዛፍ ጋር አሰርኩ፤ በሌላው ጫፍ ላይ ሽቦውንና መንጠቆውን አስሬ፣ ትል ሰክቼ ወረወርኩ።

ብዙም አልቆየም፤ ገመዱ ተወጠረ። እግሬን ከሾላው ሥር ጋር አጣብቄ ጎተትኩ። እየተንፈራገጠ የወጣው አምባዛ ክንዴን ያህል ነበር። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጢም አለው። የተሾመ ነገር አለቀ ብዬ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ ሣር ሲነጭ ሰማሁ። ቸር፣ ቸር፣ ቸር። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ሳቄ እዚያው ቆመ። ቡሬ ተነሥቶ ወጥቷል። ሳይነጋ ካልመለስኩት ወይ ጅብ ይበላዋል ወይ ሐይቅ ይገባል፤ ነገ ደግሞ የአጎቴ ተራ ነው። ገመዱን ከሾላውም ከሽቦውም ፈትቼ አምባዛውን እስከነመንጠቆው ሣር ላይ ጣልኩት። ጢሙን ለበሬ ሠዋሁ ማለት ነው።

«ና ቡሬ፣ ና የኔ ጌታ» እያልኩ በዳበሳ ቀረብኩ። አልሸሸም። እጄን ስዘረጋ ጎኑን አገኘሁት። እርጥብ ነው፤ ጠጉር የለውም። ታመመ እንዴ አልኩ። ወደ ፊት እየዳሰስኩ ሄድኩ፤ ጎኑ አያልቅም። እንደ ምንም ትከሻው ጋ ደርሼ ቀንዱን ፈለግሁ፤ ቀንድ የለም። በቀንዱ ቦታ መዳፍ የማትሞላ ጆሮ አለች፤ ጆሮዋ ተርገፍግፋ ፊቴ ላይ ውሃ ረጨችብኝ። አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቆም ነበር። እኔ ግን የፈራሁት ጋሼ ወልዴን ነበርና ገመዱን ቋጥሬ ወረወርኩበት።

ከዚያ ቡሬ ሳቀ። ሌላ ቃል የለኝም። ከሆዱ የወጣ፣ መሬቱን ያንቀጠቀጠ፣ የወፍራም ሽማግሌ ሳቅ ነው። ገመዱ መዳፌን ልጦ ከእጄ ወጣ፤ ወንዙም አንድ ትልቅ ነገር ሲገባበት ተንቦጫረቀ። ገመዱ ምኑ ላይ እንደያዘው አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጽፍም። ሾላው ላይ እንዴት እንደወጣሁም አላስታውስም።

ሌሊቱን ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጬ የማውቀውን ለማሰባሰብ ሞከርኩ። የአጎቴ በሬ ጠጉሩ ረግፏል፤ ቀንዱ ወልቋል፤ ይስቃል። ይህንን ጠዋት ለጋሼ ወልዴ በምን ቃል እንደምነግራቸው ሳስብ፣ ጸበል የሚል አሳብ መጣልኝ። ከታች አንድ ነገር አምባዛዬን እያንኮሻኮሸ በላ። ከላይ ደግሞ አናቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ወረደብኝ። ዝናብ መስሎኝ ነበር፤ ዝናብ ግን አይሞቅም። ለካ ዛፉ የጦጣዎች መኝታ ኖሯል።

ሲነጋ ኦቦ ገመዳ በጎዳናው መጡ። ወደ ላይ አዩና ቆሙ።

«ያ ጉርባ! አንተ ልጅ፣ ሰው ነህ ጦጣ?»

«ኦቦ ገመዳ፣ ይሽሹ! ቡሬ አብዷል!»

ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ። በነጠላቸው ቀንዱን ያሰሩት ቡሬ፣ ጠጉሩ ሳይጎድል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያመሰኳል።

«ይኼ ነው ያበደው?»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቡሬ ገመዱ ሲፈታለት የሄደው ወደ ኦቦ ገመዳ ግቢ ነበር። ከጉራቻ ጎን፣ በቀንበሩ ተራ፣ በግራ በኩል ቆሞ ሲያድር ጠዋት አገኙት። ወርጄ የሆነውን ስነግራቸው አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ጭቃውን አዩ። አራት ጣት ያለው፣ ሰፌድ የሚያክል ዱካ ነበር። ከጎኑ ገመድ የተጎተተበት መስመር እስከ ውሃው ድረስ ይሄዳል።

«ሮቢ» አሉ። ጉማሬ ማለታቸው ነው። ከዚያ መዳፌን ገልብጠው አዩ፤ ከዚያ እንደገና ዱካውን። «ወላሂ፣ እናትህ የምትጸልይ ሴት ናት።»

ከአምባዛው የተረፈው ጭንቅላቱ ነበር፤ ጢሙ አልተነካም። አነሣሁት።

ጋሼ ወልዴ በር ላይ ቀበቷቸውን ፈትተው ጠበቁኝ። «ገመዱስ?» አሉ።

«ጉማሬ ወሰደው።»

«ስማ እንግዲህ! ሌብነቱ አልበቃ ብሎት ውሸታም!»

ቀበቶው ሲነሣ ኦቦ ገመዳ መሐል ገቡ። «ወልዴ፣ ቆይ። ዱካውን አይቻለሁ። የገመዱን መስመር አይቻለሁ። እጁን አይቻለሁ። ሮቢውን ግን አላየሁም።» ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ ብዙ ምስክር ሰምቻለሁ፤ ያላየውን አላየሁም ብሎ የሚጨርስ ጥቂት ነው።

አጎቴ ወንዙ ድረስ ሄደው አይተው ተመለሱ። ቀበቷቸውን መልሰው ታጠቁ። ፍርዱንም ሰጡ፦ «ጉማሬው ገመዱን እስኪመልስ ድረስ የቡሬ ገመድ አንተ ነህ።» ክረምቱን ሙሉ ከጋጣው ደጃፍ ቁርበት ላይ ተኛሁ። ቡሬ በተነሣ ቁጥር እነሣለሁ፤ ሲጋደም እጋደማለሁ። ተሾመ በመስከረም ደብተሬን ተሸከመ፤ እኔ ግን በየክረምቱ ስሄድ ጋሼ ወልዴ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «መለሰው?» ይሉኝ ነበር። «ገና ነው» እላለሁ።

አሁን ቀታር ዳር ሽንኩርት ይተከላል፤ ሌሊት የሚያጓራው የውሃ ፓምፕ ነው። ማሳውን ትራክተር በግማሽ ቀን ያርሰውና ይሄዳል፤ ከማን ጋር እንደተቀናጀ የሚጠይቀው የለም። ኦቦ ገመዳ አልፈዋል። ጋሼ ወልዴ ዓይናቸው ደክሟል፤ የሰው ስምም ይጠፋባቸዋል። ባለፈው ጥቅምት ገብቼ እጃቸውን ስስም ስሜን አላስታወሱም። እጄን ግን አለቀቁትም፤ መዳፌ ላይ የቀረውን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«መለሰው?» አሉ።

ሙሉ ዕድሜዬን ያላረጋገጥኩትን ዜና አውርቼ አላውቅም። ከቦርሳዬ ገመዱን አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። «መለሰው፣ ጋሼ።»

ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። «አዲስ ነው» አሉ።

«ውሃ ውስጥ ስለኖረ ታጥቦ ነው።»

 ከዚያ ገመዱን ቀስ ብለው ጠቀለሉትና ጎናቸው አኖሩት። «እንግዲህ ተፈተሃል» አሉ። «አሁን ወደ አሰላ መሄድ ትችላለህ።»

አልሄድኩም። እዚያው አደርኩ።