ምሕረትን ከቆጣሪ የሸሸግኩበት ግንቦት

ባለፈው ሳምንት፣ ስታዲየም አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን ምሳ እየበላን ሳለ፣ አንዱ ባልደረባችን ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ከፈተና፣ በአፍንጫው የሚናገር ቀጭን የወንድ ድምፅ «አንድ አለፈ… ሁለት አለፈ…» ሲል ሰማሁ። የጎረስኩትን ሳላላምጥ ቀረሁ። ሌሎቹ ድምፁን ወዲያው አውቀውት፣ ይኼ ነገር እስካሁን አለ እንዴ እያሉ በሳቅ ሲንፈራፈሩ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ደመወዝ የምበላ ሰው፣ እግሮቼን ከወንበሩ ሥር ሰብስቤ፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ድንገት እንዳልቆጥር ዓይኔን ምሳ ዕቃዬ ላይ ተክዬ ቆየሁ።

ካርቱኑ «ቆጣሪው» ይባል ነበር። ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ መረሳቱም የሚያስቆጭ አይደለም። የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጋረጃውን ከፍቼ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ቆጣሪው ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣ የደፋ ሰው ሲሆን፣ አንገቱ አይዞርም፤ መዞር ሲያስፈልገው ለቅጽበት ይጠፋና ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አድርጎ ብቅ ይላል። በአንድ እጁ አራት፣ በሌላው ስድስት ጣት ስላለው፣ ሠዓሊው ቢያንስ ድምሩን አልተሳሳተም። ከኋላው የሚያልፉት ዛፎች ሁሉ አንድ ዛፍ ናቸው፤ ቅርንጫፉ የተሰበረው ያው ዛፍ እየተመላለሰ ያልፋል። ልጆቹን፣ እናታቸውንና ውሻቸውን ወክሎ የሚናገረው አንድ ሰው ሲሆን፣ የተዋጣለት ውሻው ላይ ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ዓላማው መልካም መሆኑ ነው፤ ልጆች ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ፣ ዘበኛ የሆነው ቆጣሪው አንድ አለፈ፣ ሁለት አለፈ እያለ ቁጥር ሊያስተምረን ፈልጎ ነበር። ያለፉት ልጆች ከአጥሩ ጀርባ መግባት ነበረባቸው፤ አጥሩን ግን ማንም አልሳለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ በተቆጠረ ቅጽበት፣ ነጩ ወረቀት መካከል ከነቦርሳው ድርግም ይላል።

ይህን ሁሉ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ካዛንቺስ ውስጥ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ባለው ቤት እንኖር ነበር። ቴሌቪዥን የነበራቸው ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ብቻ ስለነበሩ፣ ከመስቀል በኋላ ካርቱኑ ሲጀመር፣ ቅዳሜ ጠዋት የግቢው ልጆች ሁሉ ጫማችንን በራቸው ላይ አውልቀን፣ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። የሦስት ዓመቷን እህቴን ምሕረትን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አቅፋት ነበር። አምስተኛው ልጅ ድርግም ሲል፣ ከሰው ጋር መነጋገር ሞት የሚመስለኝ እኔ፣ የት ሄዱ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱን የሰጠችኝ የእትዬ አልማዝ ልጅ ሶስና ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ስለነበር የማታውቀው ነገር አልነበረም።

«አለፉ ተባለ እኮ። አባባስ አልፈው የለም?»

አባባ የሶስና አያት ነበሩ፤ በዚያው ክረምት አርፈው፣ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ የመጣው ሰው ሁሉ መቼ አለፉ፣ እንዴት አለፉ እያለ ሲጠይቅ ሰምተናል። ስለዚህ የሶስና መልስ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ቆጣሪው የቆጠረው ሰው ያልፋል። ምሕረትን ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት፤ እሷ ግን ልጆቹ በጠፉ ቁጥር ታጨበጭብ ነበር።

ገና ሲቃረብ ነገሩ ባሰ። አንድ ቀን ሶስና እኛ በር ላይ ገመድ ስትዘል ቆየችና፣ ድንገት ቆማ፣ ከበራችን መቃን በላይ ግድግዳው ላይ ወደተሰካው ጥቁር ሣጥን አገጯን ቀሰረች።

«እሱ ምንድን ነው ስሙ?»

«ቆጣሪ» አልኳት።

«እና?» አለችና ገመዷን መዝለል ቀጠለች።

የመብራት ቆጣሪው የግቢው ሁሉ ሲሆን፣ የተሰካው ግን እኛ ግድግዳ ላይ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ክብ ብረት ቀን ከሌት እየዞረ፣ ከሥሩ ያሉት ቁጥሮች በቀስታ ይለዋወጡ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን በሩጫ ነበር የማልፈው፤ ምሕረትን የያዝኩ እንደሆነ ደግሞ ቁጥሩ እንዳያገኛት ፊቷን በሹራቤ እሸፍነው ነበር። ቄራ አካባቢ ጋራዥ የሚሠራው አባቴ ከሥራ ሲመጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሣጥኑን አንጋጦ ያይና፣ «ይኼ ቆጣሪ ሊበላን ነው» ይል ነበር። እናቴ ደግሞ ሥጋቴን የምታረጋግጥልኝ በሌላ በኩል ነበር። ከወልቂጤ የሚመጡ ዘመዶች ልጆቿ ስንት እንደደረሱ ሲጠይቋት፣ ልጅ አይቆጠርም፣ እግዜር የሰጠኝ አሉኝ ብላ ወሬውን ታስቀይራለች። ሁለት ብቻ ሆነን ሳለ ቁጥራችንን የማትናገረው፣ የሆነ የምታውቀው ነገር ስላለ ነው ብዬ አሰብኩ።

በዐቢይ ጾም ሰሞን ሬዲዮው ስለ ሕዝብ ቆጠራ ማውራት ጀመረ። ቆጣሪዎች በየቤቱ እንደሚመጡ፣ አንድም ሰው ሳይቆጠር እንደማይቀር፣ ሕፃናትም ቢሆኑ እንደማይዘለሉ አንዲት ደስተኛ ሴት ትናገር ነበር። እናቴ የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች ታዳምጣለች፤ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዘፈን ታጅቦ የሚነገርበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው እያልኩ እቀዘቅዛለሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ዓይናፋር ልጅ የሚፈራውን ነገር ይዞ ብዙ ርቀት ይሄዳል። በካርቱኑ ውስጥ ግን አንድ ያልጠፋ ልጅ ነበር፤ ዛፉ ሥር ተደብቆ ሳይቆጠር የቀረው ሰነፉ ልጅ። ትምህርቱ መደበቅ እንደሚያስቀጣ ነበር መሰለኝ፤ እኔ የወሰድኩት ግን ሌላ ነው።

ግንቦት ላይ፣ ቆርቆሮው በሙቀት በሚንጫጫበት አንድ ረፋድ፣ ረጅም ካኪ ጋወን የለበሰ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው የግቢውን በር ገፋ አድርጎ «ቤቶች» ሲል ሰማሁ። ዛሬ ሳስበው አስተማሪ ነበር፤ ጋወኑ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበረበት። ያኔ ያየሁት ካፖርቱን ብቻ ነው። ምሕረትን ከወለሉ አንስቼ ወደ ጓዳ ወሰድኳትና፣ አባቴ ለሠርጉ ያሠራው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የታጠፉት ጋቢዎች ላይ አስቀመጥኳት፤ ድብብቆሽ ነው፣ እስክትገኚ ድረስ ቃል እንዳትተነፍሺ አልኳትና ቁራሽ ዳቦ ሰጠኋት። የሣጥኑ በር እንጨት አብጦ ስለነበር በትከሻዬ ገፍቼ፣ የውጪውን የብረት መቀርቀሪያ በጫማዬ ተረከዝ መትቼ አስገባሁት።

ሰውየው ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። እናቴ ዕድሜዋን በግምት፣ የአባቴን ሥራ በኩራት ነገረችው። ልጆች ስንት ናቸው ሲላት፣ እንደ ልማዷ እግዜር የሰጠኝ አሉኝ አለች። እሱም ይጨምርልዎት፣ ግን ወረቀቱ ቁጥር ነው የሚፈልገው ብሎ ሲስቅ፣ እሷም ሳቅ እያለች በአገጯ አመለከተችኝ። «ያው እንግዲህ ይቺ አለች፤ ትንሿም እዚህ ነበረች። ቤተልሔም፣ እህትሽ የታለች?»

ዝምታዬ የተለመደ ስለነበር ምንም አልመሰላትም፤ ወጥታ በግቢው ተጣራች። እትዬ አልማዝ ጋ የለችም፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ የለችም። ከዚያ ሰውየው ሲገባ ያልዘጋውን የግቢ በር አየችና፣ ድምፅዋ ተለወጠ። በሩ የሚወጣው ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ነው፤ በዚያ መንገድ ታክሲዎች ፍሬናቸውን እየያዙ ሲወርዱ ድምፃቸው ቤት ድረስ ይሰማል። እናቴ ነጠላ ሳትለብስ፣ በአንድ እግር ጫማ ሮጠች፤ እትዬ አልማዝና ሶስና ተከተሏት፤ ሰውየውም ቅጹን ወንበሩ ላይ ጥሎ በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ እያለ ወጣ።

ብቻዬን ስቀር ወደ ጓዳ ሄጄ መቀርቀሪያውን ሳብኩት። አልተንቀሳቀሰም። በሁለት እጄ ሳብኩ፣ በጥርሴም ሞከርኩ። ከውስጥ ቀስ ያለ ማንኳኳት ይሰማ ነበር፤ ቃል እንዳትተነፍስ ስላልኳት አትጣራም፣ ታንኳኳለች ብቻ። ምሕረት አልኳት። አንኳኳች። እንደገና ሳብኩ፤ ጣቴ ተላጠ። ምሕረት አልኳት፤ አሁን ለማንኳኳት ቆየች። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠራት ምንም አልነበረም፤ ቆርቆሮው ብቻ ከላይ ይንጫጫ ነበር።

ከመንገድ ተመልሶ የገባው ቆጣሪው ነበር። እናቴ ከታች እየጮኸች ስለነበር፣ ልጅቷ ምን እንደለበሰች ሊጠይቀኝ ነበር የመጣው፤ ባርኔጣው የለም፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ምን ዓይነት ቀሚስ ነው፣ ቀይ ነው ወይስ ምን ነው አለኝ። እግሬን ከሣጥኑ ፊት አላነሣሁም። ከተናገርኩ ሊቆጥራት ነው፤ ካልተናገርኩ ደግሞ ያ ማንኳኳት ቆሟል። በዚያች ደቂቃ የነበረው ፍርሃት፣ ከዚያ ወዲህ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል፤ ሁለቱም በኩል እሷን ነበር የሚወስድብኝ።

«ላሳይዎት» አልኩት በመጨረሻ፤ ለራሴም አልተሰማኝም። «ግን እንዳይቆጥሯት።»

ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዓይኑ ከእኔ ወደ መቀርቀሪያው ሄደ፤ አንዴ በጫማው መትቶ፣ ሁለቴ ስቦ፣ በሩን ከነማጠፊያው ገነጠለው። ምሕረት ጋቢው ላይ ተጠቅልላ፣ ዳቦው በእጇ እንዳለ፣ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ታቅፏት ወጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠና፣ ከወንበሩ ላይ ቅጾቹን አንስቶ ያራግብላት ጀመር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት ፊቷ ላይ እየተርገበገበ፣ እኔ ቆሜ ከንፈሯን እያየሁ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ አሳላት። ዓይኗን ከፍታ ሰውየውን አየችው።

«ተገኘሁ?» አለችው።

እናቴ መጥታ መጀመሪያ በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ ሁለታችንንም አንድ ላይ ይዛ አለቀሰች። ሰውየው ውኃ ጠጥቶ፣ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ በቁርጥራጭ ቃል ካርቱኑን፣ የበራችንን ሣጥን፣ ሬዲዮውን ነገርኩት። እትዬ አልማዝ ሳቃቸው ሲያመልጣቸው እሱ አልሳቀም። እኔ እኮ አልቆጥርም፣ ስም ብቻ ነው የምጽፈው፣ የሚደምረው ሌላ ሰው ነው አለኝና፣ እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ። የእህቴን ስም ነገርኩት። ሲጽፍ እጇን ይዤ ነበር፤ ጽፎ ሲጨርስም እጇ እጄ ውስጥ ነበረ።

ክረምት ሲገባ ካርቱኑ በሌላ ተተካ። አባቴ ለቁም ሣጥኑ በር አዲስ መቀርቀሪያ አላሠራለትም፤ በገመድ አሰረው። የጓዳችን በርም ከዚያ በኋላ ተዘግቶ አያውቅም፤ ምሕረት በሩ ከተዘጋ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር፣ አሁንም አይወስዳትም። ለሰው ስትነግር ሙቀት አልወድም ብላ ነው። እኔም አላርማትም።

ከሁለት ዓመት በፊት የካዛንቺሱ ቤታችን እንደሚነሣ ተነግሮን፣ ምትክ ቤት የሚሰጣቸውን ሰዎች የሚጽፉ መዝጋቢዎች በየግቢው ሲዞሩ፣ ምሕረት ትምህርት ላይ ሐዋሳ ነበረች። መዝጋቢው ወጣት፣ ችኩል፣ ጨዋ ልጅ ነበር፤ እዚህ የማላየውን ሰው አልጽፍም አለ። እናቴ ደክሟት ተቀምጣ ነበር፤ አባቴም መከራከር አይወድም። ምሕረት ብዬ ጀመርኩ፣ በሐመሩ ሐ ነው አልኩት፣ የተማሪነት መታወቂያዋን ግልባጭ አሳየሁት፣ መስመሩ ላይ እስኪጽፋት ድረስ ከፊቱ አልተነሣሁም፤ ጽፎም ሲጨርስ በተገለበጠው ወረቀት ላይ ስሟን ፊደል በፊደል አነበብኩ። ያኔ ከጻፏት ትጠፋለች ብዬ ነበር የፈራሁት፤ አሁን ካልጻፏት። በሁለቱም ቀን የነገርኩት ያንኑ ስም ነው። ድምፄ ግን በሁለተኛው ቀን ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኛል።