አማክ ኒሶንና የምሥራቁ ሰሌዳ

የአማክ ኒሶን ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል፤ ካሁኑ ይቅር በሉኝ። አማክ፣ በእኛ በቡኻራ አይሁዶች ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ የማናችንም አጎት ባይሆኑም ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ሙያቸው ጫማ ሰፊነት ነው። የምኩራባችንን በር ግን አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ከፍተው ማታ የዘጉት እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት! መንግሥት ምኩራቡን ነጥቆ መጋዘን ባደረገው ጊዜ እንኳ እኛን ልጆቹን እቤታቸው ሰብስበው፣ ቁም ሣጥናቸው ፊት አቁመው ያስጸልዩን ነበር። ለምን ቁም ሣጥን ፊት? በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ እሱ ነዋ! ከቡኻራ ለሚጸልይ ሰው ኢየሩሳሌም በምዕራብ ናት። ይህን የማያውቅ ልጅ ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም።

አምና አንድ መምህር ከአውሮፓ መጣልን። በወርቅ ቀለም በዕብራይስጥ "ምሥራቅ" ተብሎ የተጻፈበት ሰሌዳ በስጦታ ይዞ ነው የመጣው። እነሱ አገር ኢየሩሳሌም በምሥራቅ ስለሆነች፣ የሚጸልይ ሰው ወዴት እንደሚዞር እንዲያውቅ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። እነሱ አገር! ሰውዬው ግን ምኩራባችንን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "የኦሪት ጥቅሎቹ ያለቦታቸው ነው የተቀመጡት፤ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ይዛወሩ" አለ።

ሰብሳቢያችን ቦሩኽ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የተማረ ሰው ከተናገረ አለቀ!"

"ቦሩኽ፣ ፀሐይ በየት ነው የምትወጣው?" አሉት አማክ ኒሶን።

"በምሥራቅ።"

"ኢየሩሳሌምስ?"

"እሷማ... በምዕራብ።"

"ታዲያ ለፀሐይ ልትሰግድ ነው?"

ሳቅን። ሳቅንና ዝም አልን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አይደል የሚባለው? ወይ እኛ!

ለጥቅሎቹ ማስቀመጫ የምሥራቁን ግድግዳ እንዲቦረብር ጎረቤታችን ግንበኛው ሻሮፍ ተጠራ። እስላም ነው። ነገሩን ሲሰማ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"እኔ ወደ መካ ስሰግድ ፊቴ በዚያው በምዕራብ በኩል ነው፤ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል እላለሁ እንጂ። እናንተ ለገዛ ከተማችሁ ጀርባችሁን ልትሰጡ? እኔ እጄን አላስገባም!" ብሎ ጥሎን ሄደ።

እንዴት አያሳፍርም! የኛን ኢየሩሳሌም እስላም ጎረቤታችን ይከራከርላት? ግን ማን ሰማው! ሌላ ግንበኛ አምጥተው በሁለት ቀን ጨረሱት።

ዓርብ ዕለት ቦሩኽ፣ "አማክ፣ አይቀየሙኝ፤ ቁልፉን ያስረክቡ" አላቸው። ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም በአዲሱ ግድግዳ ፊት ቆምን። አማክ ኒሶን ብቻቸውን ከኋላ፣ ባዶ በቀረው በድሮው ግድግዳ ፊት ቆመው ጸሎታቸውን ጀመሩ።

"አባባ፣ ይዙሩ እንጂ! ጉባኤውን አይበጥብጡ" አላቸው መምህሩ።

"እኔማ የት ዞርኩ? የዞራችሁትስ እናንተ!"

መጸለይ ያስተማሩኝ እኚህ ሰው ናቸው። ከሳቸው ጎን ለመቆም አሥር እርምጃ ይበቃኝ ነበር። ቦሩኽ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ፊቴን ወደ ምሥራቅ እንዳደረግሁ ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።