የአባቴ ኮት በኪልት ላይ

ባለፈው ሳምንት እኛ ሰፈር፣ በርክ ያለው የልብስ ንጽህና ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ከጓዳ በኩል የረጠበ ሱፍ በካውያ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ መጣ። ታውቁታላችሁ፤ የበግ ጠረን ያለበት እንፋሎት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ "ኔክስት" ብላ ጠርታኛለች። እኔ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአጎቴ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ቆሜ በንዴት እየተቃጠልኩ ነበር። ስንት ዓመቱ፤ ንዴቱ ሳይበርድ ተቀምጦ ኖሯል ለካ።

ሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር አሌክሳንድሪያ ነበር የምንኖረው። ከተማዋን ያቀኗት የስኮትላንድ ነጋዴዎች ናቸው ስለሚባል፣ በየዓመቱ ገና ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ሰልፍ ይወጣል፤ ወንዱም ሴቱም ኪልት ታጥቆ፣ ያንን ጉልበት ላይ የሚቀር ባለ መስመር ሽንሽን ቀሚስ ማለቴ ነው፣ ባግፓይፕ የሚሉት ባለ ከረጢት ዋሽንት እየተነፋ። እኔም ከሴቶቹ አንዷ፣ ከበሮ መቺ ሆኜ ባንድ ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ አትጠይቁኝ፤ ከበሮ ስሰማ እግሬ አርፎ አይቆምም። ኪልቱን ባንዱ ይሰጣል፤ ጥቁሩን ጃኬት ግን ሁሉም ከየቤቱ ያመጣል። "አሮጌ የሱፍ ኮት ካላችሁ እስከ ወገብ አሳጥሩት፤ ከፊት የምትንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ መታየት አለባት" አለን ባለ ቀይ ጢሙ መሪያችን።

አሮጌ የሱፍ ኮት ነበረን፤ የአባቴ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኮቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ፣ እናቴም እኔም በሩን በከፈትን ቁጥር ዓይናችንን ዘወር እናደርግ ነበር። ለሰርጉ አዲስ አበባ የሰፉለት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እኚሁ የሲልቨር ስፕሪንጉ አጎቴ። "እንግዲያው የሰፉት ይቁረጡት" አለች እናቴ። ያንን ኮት ለብሼ በአደባባይ መሄድን ምን ያህል እንደፈለግሁት ለእሷም አልነገርኳት።

ቅዳሜ በቢጫው የባቡር መስመር ተሳፍሬ፣ ወደ ቀዩ ቀይሬ ሄድኩ። አጎቴ ለኩኝ። መሪያችን የሰጠኝን የባንዱን ፎቶ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

"እነዚህ ወንዶች ናቸው?"

"ወንዶች ናቸው ጋሼ። ይሄኛው እንዲያውም ሁለት ልጆች አሉት።"

"ልጆቹ ያውቃሉ?"

ስቄ ወጣሁ። የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ኮቱ አልተነካም። "ጥቁር ክር አልመጣም" አሉኝ፤ ከጀርባቸው ጥቁር ክር መደርደሪያውን ሞልቶታል። በሦስተኛው "ሰው በዛብኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ ከእኔ በቀር ማንም የለም እኮ።"

"አንቺ ትበዣለሽ።"

በአራተኛው ቅዳሜ አጥሮ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ለብሼው በማግስቱ ልምምድ ሄድኩ። ከበሮውን አንግቼ ሃያ እርምጃ ሳልራመድ ማንገቻው የኮቱን ጫፍ ፈተገው፤ ክሩ ተተረተረና ኮቱ ዝርግፍ ብሎ ኪልቴን ግማሽ ድረስ ሸፈነው። አልቆረጡትም ነበር። ጨርቁን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ ከገበሩ ሥር በስስ ክር ወስውሰውት ነው። ከኋላዬ ያሉት ነፊዎች ሳቃቸው መጥቶ ዜማው ተሰበረ። መሪያችን በደግ ድምፅ፣ "ለፊታችን ቅዳሜ ሰልፍ የሚሆን ጃኬት ካላገኘሽ ከዳር ሆነሽ ታይናለሽ" አለኝ። ደግነቱ ባሰብኝ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ። ኮቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት፤ ወረወርኩት ብል ይሻላል።

"ለምን አልቆረጡትም?"

"ጥሩ ጨርቅ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም። እኛ የተማርነው እንዲህ ነው። ነገ የሚለብሰው ሲመጣ ይፈታል።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"ወንድ ልጅ ትወልጃለሽ። የወንድ ኮት ነው፤ ለወንድ ይቀመጣል።"

ኋላ ሁለት ሴቶች ነው የወለድኩት፤ ያን ቀን ግን ማን ያውቃል። "አባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም" አልኩ። "ላልተወለደ ሰው ያስቀምጡለታል፤ እኔ እዚህ ቆሜያለሁ። ጎረምሳው ሁሉ ቀሚስ ታጥቆ ሲሄድ ምንም አልተባለም፤ እኔ የአባቴን ኮት ብለብስ ነው ነውሩ?"

አጎቴ የልብስ ማስመሪያ ጠመኔያቸውን አንሥተው ኮቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። "ሐሙስ ነይ" አሉ። ደህና ዋሉ ሳልል ወጣሁ።

ሐሙስ ስደርስ የተቆረጠው ጨርቅ ወለሉ ላይ ነበር። ኮቱን አነሡና ራሳቸው አለበሱኝ። ወገቤ ላይ ልክ መጣ፤ ትከሻው እንኳ ተስተካክሏል። እሰየው ልል ስል ዓይኔ ደረቴ ላይ ዐረፈ። ቁልፎቹ ቦታቸው ላይ የሉም። የድሮዎቹን ቀዳዳዎች በእጃቸው ደፍነው፣ ቁልፎቹን ወደ ግራ አዙረው፣ በቀኝ በኩል አዲስ ቀዳዳ ከፍተዋል።

"የወንድ ኮት ግራው በላይ ነው፤ የሴት ቀኙ" አሉኝ። "ያንቺ አደረግሁት። ሦስት ቀን ሌላ ሥራ አልነካሁም።"

የእኔ እንዲሆን መቼ ጠየቅኩ? የአባቴን ነበር የፈለግሁት፤ እሱ እንደለበሰው፣ እሱ እንደቆለፈው። አሁን የሚቆለፍበት ጎን እንኳ የእሱ አይደለም። ልናገር አፌን ከፈትኩና ፊታቸውን አየሁ፤ ልክ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ይጠብቁኛል። ዋጥኩት።

"ቆልፊው" አሉኝ።

በግራ እጄ ቁልፉን፣ በቀኜ ቀዳዳውን ያዝኩ። ሳላየው ገባ። አባቴ በመጨረሻው ዓመት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ ፊት ለፊቱ ቆሜ ይህንኑ ኮት የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። በዚሁ ግራ እጅ ቁልፉን፣ በዚሁ ቀኝ እጅ ቀዳዳውን። ጣቶቼ ከእኔ በፊት አወቁት።

"ተስማማሽ?" አሉ አጎቴ።

በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁላቸው። ከዚያ ፈታሁትና እንደገና፣ ቀስ ብዬ፣ ከላይ ጀምሬ ቆለፍኩት።