ዳገት የሚወጣው አጫጅ

ሂልዲንግ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባ አንዱን ያሳለፈው ከኤክሁልት መንደር ብዙም በማይርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሣር ማጨጃና የሰንሰለት መጋዝ ሲገጣጥም ነው። ጆሮውን ወደ ሞተር ጠጋ አድርጎ "ይሄን ባለቤቱ ዘይት አስርቦታል" ካለ አስርቦታል ነው፤ ተከራክሮ የረታው ሰው የለም። ጡረታ ከወጣ በኋላም በሩን የሚያንኳኳ አላጣም። ማጨጃ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱም እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ ይጠይቃል። ግቢህ ድንጋይ አለው? ጥላ ይበዛዋል? የምታጭደው አንተ ነህ ወይስ ሚስትህ? መልሱን ሰምቶ "እንግዲያው ያንን ውሰድ" ይላል። ያለውን ወስዶ የተጸጸተ አልተሰማም።

ባለፈው የበረዶ ወራት ማብቂያ የመንደሩ ማኅበር ቤንዚን የሚጠጡትን አሮጌ መሣሪያዎች አስወግዶ በባትሪ በሚሠሩ ለመተካት ሲያስብ፣ እንዲመርጥ የተላከው እንግዲህ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ነገሩን እንደ ቀልድ አልያዘውም። ሦስት ሱቅ ዞረ። የሻጩን ምላስ ትቶ ማሽኑን እየገለበጠ ሆዱን አየ። የአጥር መከርከሚያውን በተዘረጋ እጁ ይዞ እስከ መቶ ቆጠረ፤ መቶ ሳይደርስ ክንዱን ያዛለውን ሁሉ መለሰ። ለእጅ መሣሪያዎቹ አንድ ሕግ ነበረው፤ መከርከሚያውም፣ መጋዙም፣ የሣር መቁረጫውም አንድ ዓይነት ባትሪ ይጉረሱ። "አምስት መሣሪያ አምስት ቻርጀር ከፈለገ፣ አዳራሹን ለሽቦ እናከራየውና እኛ ውጭ እንሰብሰብ" አለ።

የቀረው ራሱን ችሎ የሚያጭደው ሮቦት ነበር። ከመንደሩ አዳራሽ ጎን ወደ መንገዱ የሚወርድ ቀጥ ያለ ተዳፋት አለ። ሂልዲንግ ከሁለት ዓመት በፊት ማጨጃ እየገፋ የተንሸራተተው እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዳሌው ዳሌ አልሆነለትም። ሻጩ መጀመሪያ ርካሹን፣ የኋላ ሁለት ጎማዎቹ ብቻ የሚገፉትን አቀረበለት።

"ዳገት ይወጣል?" አለ ሂልዲንግ።

"ለስለስ ያለ ዳገት ይወጣል።"

"ለስለስ ያለ ዳገትማ እኔም እወጣለሁ።"

አራቱም ጎማ የሚገፋለትን፣ ገደል ካልሆነበት በቀር የማይቆመውን መረጠ። ክልሉን በሽቦ ሳይሆን በስልክ ላይ በሚሣል ካርታ የሚያውቅ ዓይነት ነው። በስብሰባውም ላይ ተነሥቶ ስለ እሱ ተናገረ፤ ሂልዲንግ በስብሰባ ተነሥቶ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያኔ ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፖንቱስ ይባላል። አያቱ የመንደሩ ሰው ነበሩ፤ እሱ ግን ከተማ አድጎ ከአራት ዓመት በፊት ነው የመጣው። ቅን ነው፣ ሥራ ይወዳል፣ ይቸኩላል። ያን ዕለት ከፊቱ ያለችውን ትንሽ የእንጨት መዶሻ አንሥቶ እንደ ልማዱ አነበበ። "ሮቦቱ ይገዛ፤ የማኅበሩን መሬት በሙሉ ይጨድ። ይስማማል?"

"ይስማማል" አለ ጉባኤው።

"የሚቃወም?"

ማንም አልተነፈሰም። ሂልዲንግ ቃሉን ሰምቶታል። "በሙሉ" የሚለው ጆሮው ላይ እንደ ትንኝ ጥዝ ብሎበታል። ነገር ግን ማን ሞኝ ነው የላይኛውን መስክ ከዚህ የሚቆጥረው? ይህን የማያውቅ ሰው በኤክሁልት አለን? አፉም በቀረፋ ዳቦ ሞልቶ ነበር። መዶሻዋ ጠረጴዛውን መታች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ በዚያ አዳራሽ የተቀመጠው ዝምታ ግን ሦስት ወር ሳይሞላው ነቀዘ።

የላይኛው መስክ ከአዳራሹ በስተ ኋላ ሽቅብ የሚወጣው ነው። ማረሻ ነክቶት አያውቅም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ አበባው ዘሩን ካራገፈ በኋላ፣ ሐምሌ ሲገባደድ በረጅሙ ማጭድ ይታጨዳል፤ ድርቆሹ ተጠርጎ ይወጣል፤ ሌላ ማንም አይነካውም። አባቱ ያጭዱት ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ ሂልዲንግ ሃምሳ ስምንት በጋ አጨደው። ጤዛው ሳይነሣ፣ ማጭዱ ስስ ድምፅ እያሰማ፣ ሴቶቹ ከኋላ በመንሽ እየሰበሰቡ… ያ ጊዜ ሄዷል። መስኩ ግን አልሄደም ነበር። እንዲህ ያለው መስክ ደካማ አፈር ነው የሚወደው፤ ሣሩ ዘወትር እየተቆረጠ እዚያው ከበሰበሰ አፈሩ ይሰባና አበባው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ከጠፋ ተመልሶ አይመጣም። በበጋው አጋማሽ በዓል መንደሩ የሚያቆመውን ረጅም ምሰሶ የሚያለብሱትም ከዚያ በተለቀመ አበባ ነው፤ ከሌላ ቦታ ለቅመው አያውቁም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሂልዲንግ ዳሌውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሦስት ሳምንት ከቤት ዋለ። በበዓሉ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ክራንቹን ይዞ፣ መጀመሪያ የሄደው ወደ መስኩ ነበር።

ሲደርስ ቆመ። ቦታ የተሳሳተ መሰለው። አረንጓዴ፣ አጭር፣ እንደ ቢሊያርድ ጠረጴዛ የተደላደለ ነገር ሽቅብ ተዘርግቷል። አንድ ቢጫ ነጥብ እንኳ የለበትም። ከላይ፣ ከጫፉ ላይ፣ ያ የመረጠው ማሽን በአራቱም ጎማው ዳገቱን ቆንጥጦ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ በትጋት ይወጣል። ርካሹ ቢሆን ኖሮ ከግርጌው ባልተላወሰ ነበር። ይህን ያሰበው ወዲያው ነው፤ ከዳሌው ቁስል ይልቅ ይህ አመመው።

እንደ ምንም ወጣና ቀይዋን የማቆሚያ ቁልፍ በክራንቹ ጫፍ ወጋት። ማሽኑ ዝም አለ። የፖንቱስ ስልክ ሳይጮኽ አልቀረም፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በብስክሌት መጣ።

"ሂልዲንግ! ቆመህ ሄድክ እንዴ? ደስ ሲል!" አለ ከሩቁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አየኸው አይደል? ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ። ሣሩ ጉልበት ደርሶ ስለነበር መጀመሪያ በባትሪው መቁረጫ አወረድኩት። አንዱ ባትሪ የልብ አድርሶኛል፤ እውነት ጥሩ መርጠሃል።"

ሂልዲንግ ክራንቹን መሬቱ ላይ ተከላት። የአንገቱ ሥር ተገተረ።

"መዥገር ነበረበት፤ ልጆች ይጫወቱበታል" አለ ፖንቱስ፤ ፊቱን አይቶ መፍጠን ጀመረ። "ደግሞ አንተ ተኝተሃል፤ ዘንድሮ ማን ያጭደዋል ብዬ ነው። እንዲቀልህ።"

"ማነው እንዲቀለኝ ያላችሁ?"

"ኧረ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። 'መሬቱን በሙሉ' ይላል። አንተም ነበርክ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሂልዲንግ ክራንቹን ከመሬት ነቅሎ መልሶ ተከላት።

"ጥሩ ነው፣ አቶ ሊቀ መንበር። እርስዎ ማሽኑን ወደ ቤቱ ይመልሱ።"

ፖንቱስ ደነገጠ። አንቱታ በአገሩ ከቀረ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውን አንተ ነው የሚለው። ሂልዲንግ ሰውን አንቱ ያለ እንደሆነ ግን ከስድብ የሚቀጥለውን ደረጃ አልፏል ማለት ነው።

ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠና ወረቀትና እርሳስ ጠየቀ። የዚያ አገር ሰው ሲናደድ አይጮኽም፤ ይጽፍና የጋራ ቦታ ላይ ይለጥፋል፤ ስሙንም አይጽፍበትም። ሚስቱ ሜርታ ድንች እየላጠች በትከሻው ላይ አነበበች።

"'ደደብ' በአንድ ደ ነው የጻፍከው።"

"ይገባዋል።"

"አንተ ሰውዬ፣ በስብሰባው ላይ አፍህን ብትከፍት ኖሮ ዛሬ እርሳስ ባላስፈለገህ።"

"ዳቦ ነበረበት።"

"ሃምሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ መናገር በሚገባህ ሰዓት ሁሉ አፍህ ውስጥ ዳቦ አለ።" ወረቀቱን ከእጁ ስባ የድንች ልጣጩን ጠቀለለችበት። "ይሄን አንብበው ይስቁና ቡናቸውን ይጠጣሉ። ረቡዕ ለበዓሉ ይሰበሰባሉ። ሄደህ ፊት ለፊት ተናገር።"

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሃያ አምስት ሰው ነበር። ማን ሄሪንግ ዓሣ ያመጣል፣ ማን ድንች ይቀቅላል፣ ማን አኮርዲዮን ይጫወታል ሲባባሉ ቆዩና ፖንቱስ "ሌላ ጉዳይ?" አለ። ሂልዲንግ ተነሣ። አነሣሡ ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ማንም ሊያግዘው አልደፈረም።

"የላይኛው መስክ ተላጭቷል። ከሮቦቱ ካርታ ይውጣ።"

"ሂልዲንግ፣ ስሜትህ ይገባኛል" አለ ፖንቱስ፣ "ግን የጸደቀ ውሳኔ ነው። በመከር ስብሰባ እናነሣዋለን።"

"በመከር? አቶ ሊቀ መንበር፣ እስከ መከር ሃያ ጊዜ ይላጫል። እናንተስ?" ዞሮ ሰዉን ተመለከተ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲላጭ ያየ ሰው የለም? እዚህ ውስጥ ያየ እጁን ያንሣ።"

ሁሉም ጠረጴዛውን ተመለከተ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ቬንድላ፣ የቀድሞዋ አስተማሪ፣ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ እጇን አነሣች። "አይቻለሁ። አንተ የፈቀድክ መስሎኝ ነው። ማሽኑን የመረጥከው አንተ ነህ ብዬ።"

"እኔም አየሁ" አለ አንዱ። "ደስ አላለኝም፤ ግን ቬንድላ ዝም ስትል…"

እጅ አንድ በአንድ ተነሣ። መጨረሻ ላይ ያልተነሣ እጅ የፖንቱስ ብቻ ሆነ።

ሂልዲንግ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እንዲያውም ዝቅ ስላለ ሰዎቹ ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ። "እኔ የሰደብኩት ይሄን ልጅ ብቻ ነበር። እሱ ስለማያውቅ ነው። እናንተ ታውቃላችሁ። በመስኮታችሁ መጋረጃ ገልጣችሁ እያያችሁ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ ሃያ ሦስት ሰው አስላጭታችሁታል። በስብሰባው ዝም ካልኩት ከእኔ ጋር ሃያ አራት። ነገ ጎረቤታችሁ ቤት እሳት ቢነሣም ባለቤቱ ፈቅዶ ይሆናል ትላላችሁ። ታፍራላችሁ አልልም፤ ማፈርማ ታውቁበታላችሁ። መናገር ነው ያቃታችሁ።"

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም።

"በቦታው ያለ ሁሉ ከተስማማ ውሳኔ ዛሬም ሊሻሻል ይችላል፤ ደንቡ ይፈቅዳል" አለች ቬንድላ፣ ወረቀቷን ሳትመለከት።

ፖንቱስ ፊቱ ቀልቶ መዶሻዋን አነሣ። "እንግዲያው የላይኛው መስክ ለዘንድሮ በጋ ከካርታው ይውጣ። ይስማማል?"

"ይስማማል።"

"የሚቃወም?"

"እኔ" አለ ሂልዲንግ።

"አንተ? ያቀረብከው አንተ!"

"'ለዘንድሮ' አላልኩም። እርስዎ ነዎት ያሉት። ማኅበሩ እስካለ ድረስ፣ ማሽን አይግባበት። እንደዚያ ይጻፍና መዶሻው ያን ጊዜ ይምታ።"

ቬንድላ ጻፈች። መዶሻዋ መታች። ሂልዲንግ ሲቀመጥ ያጨበጨበ አልነበረም፤ አንድ ሰው ብቻ ሳል አመለጠው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ መስኩ ግርጌ ተገናኙ፤ ፖንቱስ ስልኩን ይዞ፣ ሂልዲንግ ክራንቹን። ድንበሩ በእግር እየተሄደ ነበር መሣል የነበረበት።

"እዚህ ላይ" አለ ፖንቱስ።

"ዝቅ ይበሉ።"

"አንድ ሜትር ለውጥ አያመጣም እኮ።"

"አንድ ሜትር ውስጥ ምን እንደሚበቅል ያውቃሉ? አያውቁም። ዝቅ ይበሉ።"

እያንዳንዱን ርምጃ ተጣሉበት። ከድንጋዩ በላይ፣ ከድንጋዩ በታች፤ ከጉቶው ወዲህ፣ ከጉቶው ወዲያ። ሁለት ጊዜ ፖንቱስ ሳያስበው ወደ ላይ ፈቀቅ አለ፤ ሁለት ጊዜም ክራንቹ ከፊቱ ተጋረጠ። መስመሩ በስልኩ ላይ ሲዘጋ ሂልዲንግ መነጽሩን አውጥቶ አየ፤ አሳድገህ አሳየኝ ማለትን ትቶ "ያሳድጉት" አለ፤ ዳር እስከ ዳር ተመለከተና መለሰለት።

"አሁን ረካህ?" አለ ፖንቱስ ላቡን እየጠረገ።

"አልረካሁም። ነገ በዓል ነው። ምሰሶው ምን ይልበስ?"

"የበርች ዛፍ ቅጠል አይበቃም?"

"አይበቃም። ባልዲ ይያዙና ስኩሩሁልት ሄደው አበባ ይለምኑ።"

ፖንቱስ ፊቱን አጨማደደ። ከአራት ዓመት ኑሮ በኋላ ይህን ያህል ያውቃል፤ ከጎረቤት መንደር ከስኩሩሁልት ሰው የኤክሁልት ሰው ክብሪት እንኳ አይለምንም። "ምን ብዬ?"

"እውነቱን። በራሳችን ማሽን የራሳችንን አበባ አጨድን፣ ሃያ አራታችንም ቆመን አየን ይበሉ።"

"ይስቁብኛል።"

"ይስቃሉ።"

ፖንቱስ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። "አብረኸኝ አትመጣም?"

ሂልዲንግ የተላጨውን ዳገት ሽቅብ ተመለከተ። ንዴቱ አልበረደለትም፤ እስከ መጪው በጋም የሚበርድ አልመሰለውም።

"እመጣለሁ" አለ። "ዳገት የሚወጣውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። መኪናዎን ያስነሡ።"